ሞተራችሁ ነዳጅ አልመልስ ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ እየነዳችሁ ነው እንበል። ነዳጅ መስጫውን ለቀቃችሁት፤ ሞተሩ ግን መጮሁን አላቆመም። እኛ በፈረስ አገር ያደግን ልጆች እናውቀዋለን፤ ልጓም እንደበጠሰ ፈረስ ማለት ነው።

መጀመሪያ ነፍሳችሁን አትርፉ። ፍሪሲዮን ያዙ፣ በማጥፊያው አጥፉት፣ ፍሬን እየያዛችሁ ዳር ውጡ። ፍሪሲዮን ስትይዙ ጩኸቱ ቢብስ አትደንግጡ፤ ጎማው ከሞተሩ ተላቋል።

ከዚያ ሞተሩ እንደጠፋ እጀታውን ጠምዝዛችሁ ልቀቁት። መሪው ቀጥ ሲልም ሲታጠፍም በራሱ ፈጥኖ መመለስ አለበት። መሪው ሲታጠፍ ብቻ ከያዘ፣ ገመዱ ተወጥሯል ወይም የሆነ ቦታ ተቆልምሟል።

ሁልጊዜ ከያዘስ? ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ገመዱን ከካርቡሬተሩ ለዩት። እጀታው አሁንም ከከበደ ችግሩ እዚያው እጀታው ወይም ገመዱ ላይ ነው። እንደልብ ከዞረ ካርቡሬተሩን ጠርጥሩ።

👉 እጀታ፦ ጎማው ተንሸራቶ ጫፉ ላይ እየታከከ ይሆናል። መልሱት፣ ጭቃውን ጥረጉ።
👉 ገመድ፦ የክረምቱ ዝናብና ጭቃ ገብቶበት ከሆነ አጽድታችሁ ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉበት። አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ግን ዘይት አያድነውም፤ ቀይሩት።
👉 ካርቡሬተር፦ አቧራ ወይም የደከመ ሞላ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመካኒክ ስጡት ብለን እንመክራለን።

ስትገጥሙት እጀታው ነዳጅ ከመሳቡ በፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶውን ይዙር። ሳትሞክሩት አትውጡ!

ሞተር ለሚነዳ ጓደኛችሁ አጋሩት።