ማዘር ትሬዛና የመንገድ ዳር ማኅበራቸው

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የይፋት ቆላ ከተማ ናት። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ እህሉ ሲነጥፍ፣ ከብቱ ሲያልቅበት ወደዚሁ ጎዳና ወረደ። የቻለው ወደ አዲስ አበባ አቀና። ያልቻለው መንገድ ዳር ሆኖ መኪናና አውቶቡስ እያስቆመ ምግብ ለመነ።

ሕንድ ውስጥ በቤንጋልም ከዚያ ቀደም ብሎ እንዲህ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ረሃብ ሚሊዮኖችን ሲፈጅ የገጠሩ ሰው ወደ ካልካታ ጎረፈ። የዚያን ጊዜ በከተማዋ፣ በአጥር በተከበበ ገዳም ውስጥ፣ የታሪክና የጂኦግራፊ መምህርት የሆኑ አንዲት መነኩሲት ይኖሩ ነበር። በ1910 ስኮፕዬ ውስጥ ከአልባኒያ ቤተሰብ የተወለዱት፣ በ18 ዓመታቸው የሎሬቶ እኅቶች የተባለውን የመነኮሳይያት ማኅበር የተቀላቀሉት ትሬዛ ናቸው።

በ1946 የካልካታ ሂንዱዎችና ሙስሊሞች ተጨፋጨፉ፤ ትምህርት ቤቱም ምግብ አጣ። ለተማሪዎቻቸው እህል ፍለጋ የወጡት መምህርት መንገድ ላይ የወደቀውን ሬሳ በዓይናቸው አዩ። በመስከረም ወር በባቡር ወደ ዳርጂሊንግ ሲጓዙ ገዳሙን ትተው ከድሆች ጋር እንዲኖሩ እንደተጠሩ ተሰማቸው።

ጥሪው ግን ብቻውን አያስወጣም። በካቶሊክ ሥርዓት ገዳም ለመልቀቅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እርሱን ለማግኘት ሁለት ዓመት ያህል ፈጀባቸው። በ1948 ባለ ሰማያዊ ጥለት ነጭ ሳሪ ለብሰው ወጡ። ፓትና ከተማ ለጥቂት ወራት የሕክምና ሥልጠና ወሰዱና ሞቲጂል በተባለው የድሆች መንደር፣ ሰሌዳ ስላልነበረ መሬት ላይ በእንጨት እየጻፉ ማስተማር ጀመሩ። መጀመሪያ የተከተለቻቸው የቀድሞ ተማሪያቸው ነበረች። በጥቅምት 1950 ሮም የመሠረቱትን የእኅቶች ማኅበር አጸደቀች።

ከሌላው የምንኩስና ማኅበር የሚለያቸው አራተኛው ቃል ኪዳን ነው። ድህነት፣ ድንግልናና መታዘዝ የሁሉም ነው፤ እነርሱ ከድሃም ድሃ የሆነውን በፍጹም ልብና በነፃ ማገልገልን ይጨምሩበታል። በነፃ የምትለዋ በዋዛ የገባች አይደለችም፤ ማኅበሩ ለአገልግሎቱ ክፍያ አይቀበልም።

በ1952 የካልካታ አስተዳደር ከካሊ ቤተ መቅደስ አጠገብ ያለ የተሳላሚዎች ማረፊያ ሰጣቸው። መንገድ ላይ ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎችን እያነሡ እዚያ አስገቡ። በሞት አፋፍ ላሉት ለሂንዱው የጋንጀስ ውኃ፣ ለሙስሊሙ ቁርዓን፣ ለካቶሊኩ የመጨረሻው ቅባት ይቀርብ ነበር። ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብቶ ለሚኖርበት ለይፋት ሰው ይህ ብዙ የሚያስገርም አይመስለኝም።

ወቀሳም አልቀረላቸውም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ በ1994 ቤቱን ጎብኝቶ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አለመኖሩንና የምርመራውን ድክመት ጻፈ። ጸሐፊው ክሪስቶፈር ሂቺንስ ደግሞ ከአምባገነኖች እጅ ስጦታ ተቀብለዋል ብሎ ከሰሳቸው። የአዘጋጁ ትችት ትክክል ነው እላለሁ፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ማኅበር ለስቃይ ማስታገሻ መግዣ ሊያጣ አይገባም ነበር።

ማዘር ትሬዛ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መጨረሻ ነው። ንጉሠ ነገሥቱን ከማግኘታቸው በፊት ከመንግሥት ምን እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ ምንም እንደማይሹ፣ የመጡት እኅቶቻቸውን ለድሆች ለመስጠት ብቻ እንደሆነ መለሱ። ንጉሡም ፈቀዱ። ብዙም ሳይቆይ ዙፋኑ ወደቀ፤ ሃይማኖትን በበጎ ዓይን የማያየው ደርግ መጣ። እኅቶቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። እንደምገምተው፣ የሚወረስ ሀብትም ሆነ የሚያስፈራ የፖለቲካ ጥያቄ አልነበራቸውም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ማዘር ትሬዛ ራሳቸው እንደገና መጥተው አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከአየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ጋር ተገናኙ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ሲያርፉ እኅቶቹ 4,000 ገደማ ደርሰው ነበር። በ2016 ፖፕ ፍራንሲስ ቅድስት ብለው አወጁአቸው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የማኅበሩ ቤት አስታማሚ የሌላቸውን ሕሙማን ዛሬም ይቀበላል።