ለአንድ ወር ብቻ ‹ፈርኒሽድ› ቤት ማከራየት ይቻላል? ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላላችሁ

ቴሌግራም ላይ የደላላ ቻናል ከከፈታችሁ «ፈርኒሽድ፣ ሙሉ ዕቃ ያለው፣ በወር የሚከራይ» የሚል ማስታወቂያ አታጡም። ፈላጊው ብዙ ነው፦ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ዳያስፖራ፣ ሰበታ ፋብሪካ ማሽን ሊተክል የመጣ ባለሙያ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሱሉልታ ሊለማመድ የመጣ ሯጭ። ሆቴል ይወደድባቸዋል፣ ባዶ ቤት ደግሞ አልጋና ምድጃ ያስገዛል።

ገበያው አለ። ሕጉስ?

👉 አዋጅ ቁጥር 1320/2016
የተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የቤት ኪራይ አዋጅ እንዲህ ይላል፦
– የመኖሪያ ቤት ውል ከ2 ዓመት አያንስም
– ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል
– ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም
– ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል

ዓላማው ተከራይ በየጊዜው «ጨምር ወይ ልቀቅ» እንዳይባል ነው። ስለዚህ መኖሪያ ቤትን በአንድ ወር ውል ማከራየት ከ2 ዓመቱ ድንጋጌ ጋር ይጋጫል። ሶፋና ፍሪጅ ስለገባበት ብቻ ሕጉ አይቀርለትም።

👉 «ጌስት ሃውስ ነው» ብንልስ?
የእንግዳ ማረፊያ ንግድ ነው፤ ንግድ ፈቃድ ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አልጋ አንጥፎ ስም መለወጥ ፈቃድ አይሆንም።

👉 የእኛ ከተሞችስ?
ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮሚያ፣ ሸገር ከተማ ሥር ናቸው። የአዲስ አበባ ቤቶች ቢሮ መመሪያ እዚህ አይሠራም። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚፈጸመው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ነው። ደላላው «ችግር የለውም» ስላለ አትዝናኑ፤ ክፍለ ከተማችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ።

👉 ግብርስ?
በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 የኪራይ ገቢ ሠንጠረዥ ‹ለ› ውስጥ ነው። ለዕቃው የሚከፈለውም አብሮ ይደመራል። «ይሄ የቤቱ፣ ይሄ የሶፋው» ብሎ መከፋፈል አያስጥልም።

👉 ማን ይጎዳል?
አንደኛ፣ ከባለቤቱ ተከራይቶ፣ በብድር ዕቃ ገዝቶ መልሶ የሚያከራየው ወጣት። ባለቤቱ በጽሑፍ ካልፈቀደለት አንድ ቀን ከነዕቃው ውጪ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ገንዘቡን በእጅ ከፍሎ ያለ ውል የገባው እንግዳ። ቢካድ ማስረጃ የለውም። ሦስተኛ፣ ከአዲስ አበባ ኪራይ ሸሽቶ ቡራዩ የመጣው ቤተሰብ። ወደ ወርሃዊ ኪራይ የዞረ እያንዳንዱ ቤት ከእሱ ገበያ ላይ የሚጎድል ነው።

ልትገቡበት ካሰባችሁ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ የባለቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ፣ ቀጥሎ ንግድ ፈቃድ፣ ከዚያ የዕቃ ዝርዝር ከነፎቶው የተያያዘበት ውል። ሶፋው የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው።