ጋቢ፣ ሱፍና ሄልሜት፦ ስለ ራስ መሸፈኛ የሚባለውና እውነታው

ደራ ወረዳ በምዕራብ ከጣና፣ በደቡብ ከዓባይ ትዋሰናለች፤ ዋና ከተማዋ አንበሳሜ ናት። ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ በፋርጣ በኩል ደብረ ታቦርን አልፎ የወጣ ሰው ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጉናን ያገኛል። ጣና ያለው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚወርድ በሐይቁና በተራራው ጫፍ መካከል የ15 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። በዚህ አገር ራሱን ሳይሸፍን ማልዶ የሚወጣ ሰው ብርቅ ነው። ስለ መሸፈኛው ከሚነገረው ውስጥ ግን ተረቱ ብዙ ነው፤ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ተረቱን ካመነ ዋጋ ያስከፍለዋል።

ከሁሉ የገነነው «የሰውነት ሙቀት ግማሹ የሚወጣው በራስ ነው» የሚለው ነው። ይህ አባባል በመንደር ብቻ የሚወራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ የአሜሪካ ጦር መመሪያ ከ40 እስከ 45 በመቶ ብሎ ጽፎታል። ከጀርባው ያሉት ሙከራዎች በ1950ዎቹ የተደረጉ ናቸው፤ ወታደሮቹ ሰውነታቸው በወፍራም ልብስ ተሸፍኖ ራሳቸው ብቻ ባዶ ነበር። ሌላው ሁሉ ከተሸፈነ ሙቀቱ በተረፈው በኩል መውጣቱ ምን ይገርማል? ራስ ከሰውነት ገጽ የሚይዘው አንድ አሥረኛ ያህሉን ነው፤ የሚያስወጣውም ሙቀት ከዚያ ብዙ አይርቅም። የብሪታንያው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን አባባል ከሕክምና ተረቶች ተርታ መድቦታል።

ይህ ማለት ግን ቆብ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ብርድ ሲመጣ የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ የራስ ቅል ቆዳ ላይ ያሉት ግን እንደዚያ አይጠቡም። በካናዳ ተመራማሪዎች 17 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሰዎችን ሲፈትኑ፣ ራስም ሲነከር ከሰውነት የሚወጣው ሙቀት በጥቂቱ ብቻ ጨመረ፤ የውስጥ አካል ቅዝቃዜ ግን ከዚያ እጅግ ፈጠነ። ስለዚህ የቀዛፊው ጥያቄ ቆቡ ሲደርቅ ምን ያህል ያሞቃል የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ሲረጥብስ ምን ይሆናል የሚለውም ነው።

እዚህ ላይ ጋቢ ይነሣል። «ጋቢ ካለ ምን ብርድ አለ?» የሚለው ለደረቅ ብርድ ልክ ነው። የጋቢ ድርቦች በመካከላቸው አየር ይይዛሉ፤ የሚያሞቀውም ያ የቆመ አየር ነው። ጥጥ ግን ውሃ ወዳጅ ነው። አየሩ የነበረበትን ቦታ ውሃ ሲሞላው፣ ውሃ ደግሞ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ሙቀት ስለሚያስተላልፍ፣ ራስ ላይ የተጠመጠመው ጋቢ ወይም የጥጥ ሻሽ ማቀዝቀዣ ሆኖ ያርፋል። ይከብዳል፤ ቶሎ አይደርቅም። ሱፍ ከዚህ ይለያል፤ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ የሚሆን እርጥበት ውጦም እንኳ በእጅ ሲነካ ርጥብ አይመስልም፤ ሲረጥብም ጠጉሩ ጠቅልሎ የያዘውን አየር ሁሉ አይለቅም። ደጋው ይህን ያወቀው ከላቦራቶሪ በፊት ነው፤ በርኖስና ባና ከበግ ጠጉር የተሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በክረምት እረኛው የሚደርበው ገሣ ደግሞ ሌላውን ሥራ ይሠራል፤ ዝናቡንና ነፋሱን ያስቀራል። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ፤ ዘመናዊ የቀዛፊ ልብስ የሚሸጡ ሱቆችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው፣ በብዙ እጥፍ ዋጋ።

«ጆሮን መሸፈን የሴትና የሕፃን ነው» የሚል ጎረምሳ ደግሞ ሮበርት ባራኒን አያውቅም። ኦስትሪያዊው ሐኪም ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮ ውስጥ ሲገባ የሚዛን አካልን አዛብቶ እንደሚያዞር አሳይቷል፤ የ1914ን የሕክምና የኖቤል ሽልማት ያገኘው በሚዛን አካል ላይ ባደረገው ምርምር ነው። ጀልባው ተገልብጦበት ውሃ ውስጥ ለገባ ሰው ላይና ታቹ መጥፋቱ ቀላል ነገር አይደለም። በቀዝቃዛ ውሃ ካያክ የሚቀዝፉ ሰዎች ጆሮን የሚሸፍን፣ እንደ ጠላቂ ልብስ ከላስቲክ የተሠራ ጠባብ ቆብ የሚያጠልቁት ለዚህም ጭምር ነው።

ጣና ላይ እንኳ ያን ያህል አይደረስም። የሐይቁ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፤ የደንገል ታንኳ ቀዛፊን የሚፈትነው ማለዳ ከረጠበ በኋላ የሚነሣው ነፋስ፣ ከዚያም ቀን ላይ ፀሐዩ ነው። «ብርድ ካለ ፀሐይ አያቃጥልም» የሚባለውም ስሕተት ነው። ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አየሩ መቀዝቀዙ አያግደውም። ስለዚህ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ፣ ግን አገጭ ሥር የሚታሰር። ያልታሰረ ባርኔጣን ነፋስ ይወስደዋል፤ እሱን ለመያዝ የተንጠራራ ሰው ታንኳውን ያዘነብላል።

ዓባይ ሌላ ነው። ወንዙን ተከትለው የቀዘፉት ፓስኳል ስካቱሮና ጎርደን ብራውን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ከምንጩ፣ ከሰከላ ተነሥተው በሚያዝያ 2004 ሜዲትራኒያን ሲደርሱ፣ ብራውን የቀዘፈው በካያክ ነበር። ከጢስ ዓባይ በታች ባለው ገደል ውሃው ከድንጋይ ጋር እየተላተመ ይወርዳል፤ እዚያ ከብርድ በፊት የሚያሰጋው ድንጋዩ ነው። «የሞተር ሳይክል ሄልሜት ይበቃል» ማለት አያዋጣም። ለካያክ የሚሠራው ሄልሜት ውሃ ላይ እንዲንሳፈፍና ማሰሪያው እንዳይወልቅ ተፈትኖ ነው የሚወጣው፤ የአውሮፓ መለኪያው ኢኤን 1385 ይባላል። የሞተሩ ግን ለዚህ አልተሠራም፤ ከውስጡ ያለው የምቾት ስፖንጅም ውሃ ይጠጣል።

የቀሩት ሁለት ተረቶች ብዙ ሐተታ አያሻቸውም። ርጥብ ራስ በራሱ ጉንፋን አያመጣም፤ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው። አረቄም አያሞቅም፤ የቆዳ ደም ሥሮችን ከፍቶ ሙቀት የተሰማ ያስመስላል እንጂ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል።

በደራ ዳርቻ ማልዶ ለሚቀዝፍ ሰው የሚበቃው ጆሮ የሚደርስ የሱፍ ቆብ፣ ማሰሪያ ያለው ባርኔጣና በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ደረቅ ቅያሪ ነው። ዋና ለማይችል ግን ገንዘቡ ከየትኛውም ቆብ በፊት መዋል ያለበት የሕይወት አድን ጃኬት ላይ ነው።