ጤና ጠባቂዎቹ ባክቴሪያዎች

ባክቴሪያ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን በሽታ ነው። የሴት ብልት ጤና ግን በባክቴሪያ ይጠበቃል። ጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም አልበርት ዶደርላይን እነዚህን ዘንግ መሰል ነዋሪዎች በ1892 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስተዋወቀ፤ ዛሬ ላክቶባሲለስ ይባላሉ። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የብልት ግድግዳ ሕዋሳት ግላይኮጅን እንዲያከማቹ ያደርጋል። ላክቶባሲለሶቹ ከግላይኮጅን የሚገኘውን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ የአካባቢው ፒኤችም (የአሲድነት መለኪያው) ከ4.5 በታች ይሆናል። ለብዙ ጎጂ ጀርሞች ይህ ኮምጣጣ ስፍራ አይመችም። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ኢስትሮጅን ሲቀንስ ላክቶባሲለሶቹ ይመናመናሉ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ይደጋገማል።

ስለዚህ ጎጂውን መግደል የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው፤ ጠባቂውን ወደ ቦታው መመለስም ያስፈልጋል። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የተባለው ሕመም ለዚህ ማስረጃ ነው፤ ሜትሮኒዳዞል የተባለው መድኃኒት ያስታግሰዋል፣ በብዙ ሴቶች ላይ ግን በወራት ውስጥ ያገረሻል። በ2020 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ የአሜሪካ ጥናት 228 ሴቶች በመጀመሪያ በሜትሮኒዳዞል ታከሙ። ከዚያ ለከፊሎቹ ላክቶባሲለስ ክሪስፓተስ የያዘ ዱቄት፣ ለቀሩት ባክቴሪያ የሌለው ማስመሰያ ተሰጠ፤ ሁለቱም በብልት ውስጥ የሚደረጉ ነበሩ። በ12ኛው ሳምንት ሕመሙ ያገረሸባቸው ከመጀመሪያዎቹ 30 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 45 በመቶ ሆኑ።

«30 በመቶ ካገረሸባቸው ምኑን ተከላከለ?» የሚል ይኖራል። ሙሉ መከላከያ እንዳልሆነ እውነት ነው፤ ሆኖም በየወሩ ለምትታከም ሴት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ላይ ያለው ማስረጃ ግን ገና ደካማ ነው፤ 100 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት ኢንፌክሽኑ ያገረሸባቸው ባክቴሪያው ከተሰጣቸው 15 በመቶ፣ ማስመሰያ ከተሰጣቸው 27 በመቶ ሆነው የታየው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነበር። «እርጎ አይበቃም ወይ?» ለሚሉም መልሱ አይበቃም ነው፤ ወተት የሚያረጋው ዝርያ ሁሉ በብልት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ አይኖርም። ጠቃሚ ባክቴሪያ ለያዙ ምርቶች የሚሰጠው ፕሮባዮቲክ የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ዝርያው የትኛው እንደሆነና በምን እንደተፈተነ መጠየቅ ይገባል። ሽንት ሲያቃጥል፣ ትኩሳት ሲኖር ወይም ፈሳሽ ሲለወጥ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይቀድማል። ብልትን ከውስጥ ማጠብ ደግሞ ንጽህና ቢመስልም፣ የሚያጥበው ጠባቂውንም ጭምር ነውና ሊቀር ይገባዋል።