በግፍ የተነጠቀ መሬት በፍርድ ስለሚመለስበት ሥርዓት

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው የሚፈስ ውሃ ይቆማል» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ሽማግሎች አፍ ሲነገር የኖረ ነው። በቀድሞው ልማድ ግፍ የተደረገበት ሰው ይህን ቃል ጮኾ በተናገረ ጊዜ ግፈኛው እጁን ይሰበስብ ነበር፤ ከዚያም ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን አቋጥረው በመንገድ ካገኙት ሽማግሌ ፊት በዳኝነት ይቆሙ ነበር። የዚህም ልማድ ምሥጢሩ ነገር በጉልበት ሳይሆን በዳኛ ይለቅ ማለት ነው። ስለ መሬት በሚነሣው ጠብ ግን ይህን ቃል መጠበቅ እጅግ ያስቸግራል። «በርስትና በሚስት ቀልድ የለም» የሚባለው፥ ወሰኑ የተገፋበት ባላገር ከዳኛ ደጅ ይልቅ ወደ ጠመንጃው መመልከት ስለሚቀናው ነው። ስለዚህ የተነጠቀ መሬት በፍርድ ቶሎ የሚመለስበትን መንገድ ማወቅ ለዳኞች ብቻ ሳይሆን አገር ለሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ለመሬት ባለይዞታዎች ሁሉ የሚገባ ነገር ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት፥ ከባሏ ጋራ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያረሱትን የሁለት ጥማድ ማሳ ለማሳረስ በሬና ሰው ስትፈልግ ሳለች፥ በሰኔ አንድ ማለዳ የባሏ ወንድም በሬውን ጠምዶ ገብቶ ሲያርሰው ታገኘዋለች እንበል። ብትጮኽ «የአባቴ መሬት ነው፤ ወንድሜ ሲሞት ወደ እኔ ተመለሰ» ይላታል። ወደ ሽማግሎች ብትሄድ «ተዝካሩ እስኪወጣ ታገሺ» ይሏታል፤ ተዝካሩ ሲወጣ «አዝመራው እስኪሰበሰብ» ይሏታል፤ አዝመራው በተሰበሰበ ጊዜ ግን በጎተራዋ የሚገባ አንድ ቁና እህል የላትም። በሁለተኛውም ክረምት ያው ሰው ያርሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዳኛ ፊት ብትቆም «ይህን ሁሉ ዘመን ስይዘው ማን ከለከለኝ?» ብሎ ይመልስላታል። እንዲህ ሲሆን የልጆቿን እንጀራ የወሰደው የሰውዬው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ የመካሪዎቿ መዘግየትም ጭምር ነው።

እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ሁለቱም ሊቀላቀሉ አይገባም። አንደኛው «መሬቱ የማን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «መሬቱ ትናንት በማን እጅ ነበር፤ በምንስ አኳኋን ከእጁ ወጣ?» የሚል ነው። የፊተኛው ጥያቄ የትውልድ ቈጠራ፥ የሰነድና የብዙ ምስክር ነገር ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። የኋለኛው ግን በጎረቤት ምስክርነት ፈጥኖ ይታወቃል። ዳኛው የፊተኛውን እስኪጨርስ ድረስ መሬቱን በነጣቂው እጅ ቢተወው፥ ግፈኛው በክርክሩ ዘመን ሁሉ ፍሬውን ይበላል፤ ሌላውም ሰው ይህን አይቶ መንጠቅ ከመክሰስ ይሻላል ብሎ ይማራል። ስለዚህ አስቀድሞ ይዞታውን መመለስ፥ ስለ መብቱ ግን ከዚያ በኋላ መከራከር የቀና ሥርዓት ነው።

ይህ አሳብ ጥንታዊ ነው። በሮማውያን ዘንድ በኃይል ከመሬቱ የተባረረ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ዳኛው ከጮኸ፥ ስለ ባለቤትነቱ ሳይጠየቅ ወደ መሬቱ እንዲመለስ ይታዘዝለት ነበር። በእንግሊዝ አገርም በ1166 ዓ. ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ በንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ዘመን፥ ይህን የመሰለ ሥርዓት ቆመ። በዚያ ሥርዓት ከአካባቢው የተመረጡ 12 ሰዎች መሬቱን በዓይናቸው ካዩ በኋላ፥ ከሳሹ ያለ አግባብና ያለ ፍርድ ከይዞታው ተነቅሎ እንደ ሆነ ብቻ ይጠየቁ ነበር። የአያትና የቅድመ አያት ነገር ለሌላ ክርክር ይቆይ ነበር።

በኢትዮጵያ በ1952 ዓ. ም. የታወጀው፥ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ጀምሮም የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንኑ መንገድ ይዟል። በቍጥር 1148 ባለይዞታው የሚነጥቀውን ሰው በኃይል ሊከላከል፥ በኃይል ወይም በስውር የተወሰደበትንም ወዲያውኑ ሊያስመልስ ይችላል፤ ነገር ግን ሁኔታው ከሚያስገድደው በላይ የሆነ የኃይል ሥራ ተከልክሏል። «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል በደንብ ሊስተዋል ይገባል። ነጣቂው ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ ወንድምንና ዘመድን አሰልፎ መሄድ ሕግ የፈቀደው መከላከል አይደለም፤ አዲስ ጠብ ነው እንጂ።

ጊዜው ላለፈበት ሰው መንገዱ ቍጥር 1149 ነው፤ በፍርድ ቤት ቋንቋም «የሁከት ይወገድልኝ» ክስ ይባላል። ይዞታው የተነጠቀበት ወይም የታወከበት ሰው መሬቱ እንዲመለስለት፥ ሁከቱ እንዲቆምለት፥ ስለ ጉዳቱም ካሣ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል። ተከሳሹ ድርጊቱን የሚደግፍ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ማስረጃ ካላሳየ በቀር፥ ዳኛው እንዲመለስ ያዛል። ክሱ ግን መሬቱ ከተነጠቀበት ወይም ሁከቱ ከተነሣበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል። እንግዲህ በምሳሌው የተነገረችው ሴት በሰኔ ከተነጠቀች፥ ሦስተኛው ሰኔ ሳይደርስ መዝገብ ማስከፈት ነበረባት። ይህ ዘመን ካለፈባት የሚቀራት ስለ መብቱ ራሱ የሚደረገው ረጅሙ ክርክር ነው።

ስለ መብቱም ቢሆን የዘመኑን ለውጥ መዘንጋት አይገባም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. በታወጀው በአዋጅ ቍጥር 31/1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነትም ተሻረ። በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጎ፥ ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዲኖረው አደረገ። ስለዚህ የባል ወንድም «የአባቴ ርስት ነበር» ብሎ የሚያነሣው ነገር ብቻውን መሬቱን ለመውሰድ ሥልጣን አይሰጠውም። ዛሬ በገጠር መሬት ክርክር የሚጠየቀው የይዞታና የመጠቀም መብት ነው፤ ለዚህም ዋናው ምስክር በመዝገብ የተጻፈውና በደብተር የተሰጠው ማረጋገጫ ነው። ደብተሩ በባልና በሚስት ስም በአንድነት የተጻፈ እንደ ሆነ፥ የሚስቲቱ መብት በባሏ ሞት የሚጠፋ አይደለም።

አሁን የቀረው የሹማምንቱ ድርሻ ነው። በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚታዩ ሦስት ስሕተቶች አሉ። የመጀመሪያው፥ አቤት ባዩን «በሽማግሌ ጨርሱ» ብሎ እየመለሱ ዘመኑን ማሳለፍ ነው። እርቅ መልካም ነገር ነው፤ በ1997 ዓ. ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቍጥር 456ም ክርክር አስቀድሞ በስምምነትና በሽማግሎች እንዲታይ መንገድ ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ለእርቁ የተወሰነ ቀን መሰጠት አለበት፤ ሽምግልናው ሲሰነብት የክስ ዘመኑ እንደሚሮጥም ለአቤት ባዩ ሊነገረው ይገባል።

ሁለተኛው ስሕተት «ጠቡ ይብረድ» ብሎ መሬቱን እኩል ማካፈል ነው። ይህ ለጊዜው ሰላም ይመስላል፤ ነገር ግን ነጣቂውን በግማሹ መሸለም ነው፤ እርሱም በሚመጣው ክረምት የቀረውን ግማሽ ይጠይቃል። ሦስተኛው ስሕተት ደግሞ ያዢውን ሁሉ እንደ ግፈኛ መቍጠር ነው። በኪራይ ወይም በእኩል ውል ገብቶ ዘመኑ ያላለቀበት ገበሬ ነጣቂ አይደለም። በጭላሎ አውራጃ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የእርሻ መኪና ሲበዛ፥ ብዙ ጭሰኞች ለዘመናት ካረሱት መሬት ተነቅለው መሄዳቸው የሚታወስ ነው። ባለመሬቶቹ በእጃቸው ሰነድ ነበራቸው፤ ነገር ግን ከሰነዱ በስተጀርባ የተበተነው ቤተ ሰብ ሥፍር ቍጥር አልነበረውም። ስለዚህ አንድን ሰው ከመሬት ከማስነሣት በፊት በምን አኳኋን እንደ ገባ መመርመር ግድ ነው።

ተነጣቂው ባለይዞታም የሚያደርገው አለ። በተነጠቀበት ቀን ጎረቤት ጠርቶ ያስመሰክር፤ ቀኑን ያስጽፍ፤ ለቀበሌውም አቤት ማለቱ በጽሑፍ ይቅርለት። በክሱ ማመልከቻ ውስጥ የመሬቱን ስፍራ፥ አዋሳኞቹን በአራቱ ማዕዘን፥ ምን ያህል ዘመን እንደ ያዘው፥ ማን በየትኛው ቀን በምን አኳኋን እንደ ነጠቀው፥ የጠፋበትንም እህል ግምት በግልጽ ያስፍር። አዝመራው በክርክሩ ጊዜ እንዳይባክን ቢሰጋ፥ በ1958 ዓ. ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቍጥር 154 መሠረት ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ ማገጃ እንዲሰጥለት መለመን ይችላል። የወረዳው ሹም ደግሞ ከፍርድ ቤት ስለ ይዞታው ሲጠየቅ፥ መዝገቡን መርምሮ ወሰኑንም በእግሩ ረግጦ በቀጠሮው ቀን እውነቱን ይጻፍ። የአንድ ወር መዘግየት በቢሮ ዘንድ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለገበሬው ግን የዘር ጊዜ ነው፤ የዘር ጊዜ ያለፈበትም ሰው ፍርዱን ቢያገኝ እንጀራውን የሚያገኘው በሚመጣው ዓመት ነው።

እንግዲህ ያች ሴት በመጀመሪያው ሰኔ ወደ ወረዳው ስትመጣ የሚቀበላት ሹም፥ የባሏን የትውልድ ሐረግ ከመጠየቅ በፊት «ባለፈው ክረምት መሬቱን ማን አረሰው?» ብሎ ይጠይቃት። መልሱን በመዝገብ ጽፎ፥ ቀኑን ቈጥሮ፥ የዳኛውን ደጅ ቢያሳያት የሹመቱን ሥራ ሠርቷል። ሕግ ፈጥኖ በሚደርስበት ወረዳ ጠመንጃ ከግድግዳው አይወርድም፤ ማሳውም ጦም አያድርም።