የጣርማ በር ሾፌር ከማን ጋር ይደራደር?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይደርስና፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ቁልቁለት ጭነት ለሚያወርድ ሾፌር የፍሬን ጥገና፣ የእረፍት ሰዓትና የጭነት ልክ የሕይወት ጉዳይ ናቸው፤ ብቻውን ተከራክሮ ማስከበር ግን ይቸግረዋል። «ፍሬኑ ካልታደሰ አልነዳም» ያለ ሰው በማግስቱ ቁልፉን ለሌላ ሊያስረክብ ይችላል። የኅብረት ስምምነት እምቢታውን ከአንድ ሰው ትከሻ አንስቶ የማኅበር ቃል ያደርገዋል።

ሕጉ በሩን አልዘጋም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር እንዲቋቋም ይፈቅዳል፤ አንድ ሁለት መኪና ብቻ ካለው ባለንብረት ጋር የሚሠሩትም፣ አባላቱ ከአሥር ካላነሱ፣ ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። «ሾፌር አንድ ጣሪያ ሥር አይውል፣ እንዴት ይደራጃል?» ለሚለው መልስ አለ፤ የካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ጭማሪን ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ መንግሥት ዋጋውን ቀንሷል። (እርግጥ ያ አድማ እንጂ ድርድር አልነበረም፤ የተፈረመ ውልም አልተረፈውም።) ጠንከር ያለው ተቃውሞ የባለንብረቱ ነው፤ የባንክ ዕዳና የመለዋወጫ ዋጋ ጫንቃውን አጉብጦታል። እውነት ነው። ስለዚህ ድርድሩ ከእያንዳንዱ ባለመኪና ጋር ሳይሆን ባለንብረቶች ከተሰባሰቡበት ማኅበር ጋር ቢሆን፣ የጥገናው ወጪ በሁሉም ላይ እኩል ያርፋል፤ ፍሬን ያላደሰም ዋጋ ሰብሮ ጭነት አይነጥቅም።