ብስክሌት በደጋ፦ ለጀማሪ የጎዳና ብስክሌተኛ የልምምድ መመሪያ

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን በተካሄደው ውድድር፣ ከሯጮቿ ጎን ለጎን ብስክሌተኞቿንም አሰልፋ ነበር። ከስድሳ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን በቅቷል። ይሁን እንጂ የብስክሌት ጥቅም ለተወዳዳሪዎች ብቻ የተወሰነ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ አካላዊ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ የሚመክር ሲሆን፣ ብስክሌት መንዳት ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን እንደ ሩጫ ሳይጎዳ ይህን መጠን ለማሟላት ያስችላል።

ችግሩ ለጀማሪዎች የሚዘጋጁት አብዛኞቹ መመሪያዎች በዝቅተኛ ቦታና በሜዳማ መንገድ ለሚነዱ ሰዎች የተጻፉ መሆናቸው ነው። በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ደጋ ልምምድ የሚጀምር ሰው እነዚያን መመሪያዎች እንዳሉ ቢከተል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአቅሙ በላይ ሊደክም ወይም ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። ምክንያቱም አየሩም ሆነ የመንገዱ አቀማመጥ የተለየ ነው።

ከፍታና ትንፋሽ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በዚህም ከፍታ ያው 21 በመቶ ነው፤ ነገር ግን የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል በአንድ ትንፋሽ የሚገባው የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ከሩብ በላይ ያንሳል። በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው አካል ከዚህ ሁኔታ ጋር የተላመደ ነው። በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ የአማራ ደገኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ ደማቸው የሚሸከመው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይቷል።

ሆኖም መላመድ ማለት መሠልጠን ማለት አይደለም። ያልሠለጠነ ልብና ያልጠነከረ ጡንቻ በደጋም ቢሆን በቶሎ ይደክማሉ። ለትምህርት ወይም ለሥራ ከቆላ የመጣ ሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ ማጣት ሊያጋጥመው ስለሚችል፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት በእግር ከመንሸራሸር ያለፈ ከባድ እንቅስቃሴ ባያደርግ ይመረጣል።

ስለዚህ የጀማሪው መለኪያ የብስክሌቱ ፍጥነት ሳይሆን የራሱ ትንፋሽ መሆን አለበት። እየነዳ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻለ ጉልበቱ ተገቢ ነው፤ ሁለትና ሦስት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ግን መቀነስ ይኖርበታል። የልብ ምቱን መቁጠር የሚችል ሰው ከ220 ላይ ዕድሜውን ቀንሶ፣ ከሚያገኘው ቁጥር ከ60 እስከ 70 በመቶ ባለው ውስጥ ቢቆይ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል። ይህ ስሌት ግምት በመሆኑ ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም፤ የልብ ምትን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊጠቀምበት አይገባም።

ከመጀመር በፊት

ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የአስም ሕመም ያለበት፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነት በድንገት የሞተ ዘመድ ያለው ሰው አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ሊያማክር ይገባል። ወጣትነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በኢትዮጵያ የሩማቲክ የልብ ሕመም በርካታ ልጆችንና ወጣቶችን ያጠቃል። በልጅነቱ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መገጣጠሚያው ያበጠበት፣ ወይም ዳገት ሲወጣ ከእኩዮቹ ይልቅ ትንፋሽ የሚያጥረውና ልቡ ያለ አግባብ የሚመታ ሰው፣ ልቡ ሳይመረመር ልምምድ መጀመር የለበትም።

ብስክሌቱን ከአካል ጋር ማስማማት

ብዙው የጉልበትና የወገብ ሕመም የሚመነጨው ከኮርቻው ከፍታ ነው። ጀማሪው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዙን በታችኛው ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ እግሩ መዘርጋት አለበት። በሚነዳበት ጊዜ ፔዳሉን በፊተኛው የእግሩ ክፍል ስለሚረግጥ ጉልበቱ በመጠኑ እንደታጠፈ ይቀራል። ከጉልበት ፊት ለፊት የሚሰማ ሕመም ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ማለቱን፣ ከጉልበት ጀርባ የሚሰማው ደግሞ ከፍ ማለቱን ያመለክታል። የእጅ ጣቶች ቢደነዝዙ በመሪው ላይ የሚያርፈውን ክብደት መቀነስና የአያያዝ ቦታን መለዋወጥ ይረዳል።

የዐሥራ ሁለት ሳምንት ልምምድ

ከ1ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት፦ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየመካከሉ አንድ የዕረፍት ቀን እየተሰጠ፣ በተቻለ መጠን ሜዳማ በሆነ መንገድ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ መንዳት። ከባድ ማርሽ ከመግፋት ይልቅ ፔዳሉን በቀላል ማርሽ በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ጊዜ ማዞር ጉልበትን ያድናል።

ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት፦ ከሦስቱ ቀናት አንዱን ቀስ በቀስ ወደ 75 ደቂቃ ማሳደግ፤ በሌላው ቀን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚፈጅ ለስላሳ ዳገት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መውጣት። 8ኛው ሳምንት ቀለል ያለ ይሁን።

ከ9ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት፦ አራተኛ ቀን መጨመርና ረጅሙን ጉዞ እስከ ሁለት ሰዓት ማድረስ። ጠዋት ሲነሣ የልብ ምቱ ከተለመደው በ10 ያህል የጨመረ፣ ወይም እንቅልፉ የተዛባ ሰው በዚያ ቀን ማረፍ ይሻለዋል።

ዳገትና ቁልቁለት

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለጀማሪ ያታልላል። ሲወርድ ጉዞው ይቀልላል፤ ፎገራ ሜዳ ሲደርስ ግን 900 ሜትር ያህል ወርዷል። ያንን ሁሉ ከፍታ የሚወጣው ደክሞ፣ ውኃው አልቆና ፀሐይ በርትቶበት ነው። በዚህ ምክንያት ጀማሪ ጉዞውን በዳገት ጀምሮ በቁልቁለት ቢፈጽም ይበጀዋል። ለምሳሌ መጀመሪያ ወደ ጉና አቅጣጫ በመጠኑ ወጥቶ ሲደክመው ቢመለስ፣ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ይቀልለዋል።

ዳገት የሚያደክም ቢሆንም የከፋው አደጋ ያለው በቁልቁለት ላይ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ኃይል በአራት እጥፍ ያድጋል። ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ውስጥ ከተገባ በኋላ ሳይሆን ከመገባቱ በፊት ነው፤ ሁለቱም ፍሬኖች በአንድነት፣ በዝግታ ሊያዙ ይገባል። በክረምት ጎማውና ፍሬኑ ስለሚርሱ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል። ከኩርባው ማዶ የቀንድ ከብት፣ የጭነት አህያ፣ ጋሪ ወይም ባጃጅ ሊኖር እንደሚችል ማሰብ የደገኛ መንገድ ደንብ ነው። ከመውጣት በፊትም የመንገዱን ፀጥታ ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሄልሜት የማይታለፍ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና የ40 ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ትንተና፣ አደጋ በደረሰባቸው ብስክሌተኞች ላይ ሄልሜት ማድረግ ከባድ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደቀነሰ አመልክቷል።

ምግብና ውኃ

የደጋ አየር ቀዝቃዛና ደረቅ በመሆኑ፣ ላብ ባይታይም አካል በትንፋሽ ብዙ ውኃ ያጣል። ከአንድ ሰዓት ለሚበልጥ ጉዞ ውኃና ምግብ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለዚህም የአካባቢው ገብስ በቂ ነው። በውኃ የተበጠበጠ በሶ ወይም ጥቂት ቆሎ ከሙዝ ጋር ለጀማሪ ከውጭ ከሚገባ የታሸገ መጠጥ አያንስም። በጾም ወራት የሚለማመድ ሰው ጉዞውን ከማፍረሻው ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በአጭሩና በዝግታ ቢያደርገው ከመዝለፍለፍ ይድናል። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በባዶ ሆዱ መንዳት የለበትም።

ማቆም የሚገባበት ጊዜ

ደረት ላይ የሚጫን ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ዕረፍት የማያስታግሰው የትንፋሽ ማጠር፣ እንዲሁም ያልተስተካከለ የልብ ምት ሲከሰት ወዲያውኑ ወርዶ ማረፍና በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ተቋም በሰው እርዳታ መሄድ ያስፈልጋል። ወድቆ ራሱን የተመታ ሰውም፣ ለጊዜው ደኅና ቢመስል፣ ማስመለስ፣ የሚብስ ራስ ምታት ወይም መደናገር ቢታይበት ሳይዘገይ ሊመረመር ይገባል።

የደጋው ከፍታ ለታጋሽ ሰው ጥሩ አሠልጣኝ ነው። በመጀመሪያው ወር ከሌሎች ወደ ኋላ የቀረ ጀማሪ ምንም አያጣም፤ ትንፋሹን ሰምቶ፣ ዕረፍቱን ጠብቆ የተጓዘ እንደሆነ ከሦስት ወር በኋላ ያ ያስጨነቀውን ዳገት እየተጫወተ ሲወጣው ያገኘዋል።